መሬት መሬት የሚያየው ተጠርጣሪ

ነገሩ መርጡለ ማርያም ላይ ሆነ እንበል። ከተማዋ በቢቸናና በሞጣ መካከል ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብላ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ተጠግታ የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው እረኛ መርማሪ ፊት ቆሟል። እንዲጠብቅ የተሰጠው የጎረቤት በሬ ጠፍቷል። በሬ መጥፋት በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጥማዱ አንዱ ሲሄድ የዓመቱ እህል አብሮ ይሄዳል። ልጁ ነጠላውን አደግድጎ፣ እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ሲጠየቅ ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም። ምራቁን ይውጣል፤ ጣቶቹም ይንቀጠቀጣሉ።

በዚሁ ጉዳይ የተጠረጠረ ሌላ ሰው አለ፤ የከብት ነጋዴ። እሱ ቀና ብሎ፣ መርማሪውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ አንዲት ቃል ሳትደናቀፈው «እኔ በዚያ ዕለት ቢቸና ነበርሁ» ይላል።

ከሁለቱ የሚዋሸው ማን ነው? አንባቢ ሆይ፣ አሁን በልብህ የመለስኸውን መልስ ያዝልኝ። ብዙ ሰው ወደ ልጁ ይጠቁማል፤ ብዙ ፖሊስም እንዲሁ። ይህ ምዕራፍ ስለዚያች የልብ መልስ ነው፤ ከየት እንደምትመጣ፣ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳሰረች፣ መርማሪንስ ከእርሷ አላቅቆ እውነተኛውን ሥራ ማስተማር ይቻል እንደሆነ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቦንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያስተባበራቸው ምሁራን በ75 አገሮችና በ43 ቋንቋዎች ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ሰዎችን የጠየቋቸው ነገር ቀላል ነበር፦ ሰው ሲዋሽ በምን ይታወቃል? አገሩ ቢለያይም፣ ሃይማኖቱ ቢለያይም፣ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው መልስ አንድ ሆነ፦ ዓይኑን ያሸሻል። የሰው ልጅ በአንድ ድምፅ የሚስማማባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። ችግሩ እምነቱ ስሕተት መሆኑ ነው። ቤላ ደፓውሎና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. የውሸት ምልክት ናቸው የተባሉ 158 ነገሮችን፣ ከዓይን እስከ እግር፣ ከድምፅ እስከ ፈገግታ፣ አንድ በአንድ አበጥረው ነበር። አብዛኞቹ ከውሸት ጋር ምንም ዝምድና አልተገኘላቸውም ወይም ዝምድናቸው እጅግ የሳሳ ነው። የዓይን መሸሽ ምልክት ሆኖ አልተገኘም።

ታዲያ ሰው ውሸትን ምን ያህል ይለያል? ቦንድና ደፓውሎ ከ24 ሺሕ በላይ ሰዎች የሰጡትን ፍርድ ከብዙ ጥናቶች ሰብስበው ሲያሰሉት መልሱ ከመቶ 54 ሆነ። ሳንቲም ወርውሮ «አንበሳ ወይስ ሰው» ያለ ሰው ከመቶ 50 ያገኛል። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ልምድና «እኔ ሰው አውቃለሁ» ባይነት ተደማምረው የሚጨምሩልን ከመቶ አራት ብቻ ነው ማለት ነው።

«ፖሊስ ግን ሙያው ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ይህን ጥያቄ ሳነሣ ቆይቼ ነው መልሱን ያገኘሁት። ፖል ኤክማንና ሞሪን ኦሳሊቫን በ1991 እ.ኤ.አ. ዳኞችን፣ ፖሊሶችን፣ የአእምሮ ሐኪሞችንና የውሸት ማወቂያ መሣሪያ ባለሙያዎችን ጨምሮ 509 ሰዎችን ፈተኑ። ከግምት የተሻለ ውጤት ያመጡት የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚጠብቁት የምሥጢር አገልግሎት ባልደረቦች ብቻ ነበሩ። ከዚህ የባሰው ሌላኛው ጥናት ነው። ሳውል ካሲንና ክርስቲና ፎንግ በ1999 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛውን ወገን በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ እጅግ በታወቀው የምርመራ ሥልጠና የሚሰጡትን የውሸት ምልክቶች አስጠኗቸው፤ ሌላኛውን ተዉት። የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ያነሰ ለዩ፤ ነገር ግን በፍርዳቸው የበለጠ እርግጠኞች ነበሩ። ይህን ውጤት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሥልጠናው ዕውቀታቸውን ሳይሆን ድፍረታቸውን ነው የጨመረው። በሰው ነፃነት ላይ ሥልጣን ላለው ሰው ከዚህ የከፋ ስጦታ የለም።

ወደ እኛው ቋንቋ ልመለስ፤ አማርኛ ከዚያ ሥልጠና ይልቅ ይህን ጉዳይ ጠንቅቆ ያውቀዋልና። ሐፍረት የሌለው ሰው በአማርኛ «ዓይን አውጣ» ነው፤ «ዓይነ ደረቅ» ነው። ዓይኑ እያየ የሚዋሸውን «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» እንለዋለን። ጨዋው ልጅ ግን «ዓይነ አፋር» ነው። በጎጃም ገጠር ልጅ የሚያድገው አባቱን፣ የንስሐ አባቱን፣ መምህሩንና ሹሙን ዓይን ዓይናቸውን እንዳያይ እየተነገረው ነው። በትልቅ ሰው ፊት አንገትን መድፋት አክብሮት ነው፤ ቀና ብሎ ማፍጠጥ ንቀት ነው። ምራቁን የዋጠ ሲባልም በሳልና አስተዋይ ማለት ነው። አሁን እስቲ አስቡት፤ ዓይን ካሸሸና ምራቅ ከዋጠ ውሸታም ነው ብሎ የተጻፈን የባዕድ መማሪያ ተርጉመን ለመርማሪዎቻችን ብናስተምር፣ በደንብ ያደገውን ልጅ ሁሉ ወንጀለኛ፣ ዓይን አውጣውን ሁሉ ንጹሕ አደረግነው።

ኤክማን ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ስም አውጥቶለታል፤ «የኦቴሎ ስሕተት» ይለዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎን ያነበበ ወይም መድረክ ላይ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባሏ ኦቴሎ በክህደት ሲጠረጥራት ዴዝዴሞና ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች። ኦቴሎ ድንጋጤዋን የጥፋቷ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። እርሷ ግን የደነገጠችው ንጹሕ ሆና ሳለ የሚያምናት እንደሌለ ስለገባት ነው። ፍርሃት አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የማይፈራ ገበሬ የት አለ?

ይህ ሰውነትን የማንበብ ፍላጎት ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል። ከዚያ ወገቡ በጨርቅ ይታሰርና የጨርቁን ጫፍ ይዞ የሚከተለው ሰው ይኖራል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ መካከል ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባልና ክፈል ይባላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ተገርመው ጽፈውታል። የተገረሙት ግን ተሳስተው ነው እላለሁ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ምዕራባውያኑም በሽቦና በአየር ቱቦ የራሳቸውን ሌባ ሻይ ሠርተዋልና። በ1921 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ ጆን ላርሰን የተባለ ፖሊስ የደም ግፊትንና እስትንፋስን በአንድ ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው የሚለካው መረበሽን እንጂ ውሸትን አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2003 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ ለመንግሥት ሠራተኞች ማጣሪያ የሚሆን በቂ አስተማማኝነት የለውም ብሏል። የልጁ መንገዳገድም የመሣሪያው መስመርም የሚያሳዩት ሰውነትን ነው፤ የበሬው መድረሻ ግን በሰውነት ላይ አልተጻፈም።

አያቶቻችን ሌላም መንገድ ነበራቸው፤ ለእኔ ከሌባ ሻይ ይልቅ ይህኛው ሊወረስ የሚገባው ነው። የተጠየቅ ሙግት ማለቴ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሌላው «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረደራል። በማር፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ። ጥያቄው እንደ በግ በረት እየጠበበ ይሄዳል፤ ተጠያቂው በመጨረሻ አንዱን ነገር ማመን ወይም መካድ ግድ ይሆንበታል። ከካደም የካደው ነገር በምስክር የሚፈተን፣ የታወቀና የተለየ ነገር ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት ገብተን «የእምነት ክህደት ቃል» የምንለው የዚያ ሥርዓት ጥላ ነው። ተጠየቅ ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ አንደበተ ርቱዑ የሚያሸንፍበት፣ አፈ ቆላፋውና ድኻው የሚረታበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዋናው ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። እውነትን የሚፈልጋት በፊት ገጽታ ላይ ሳይሆን በቃልና በነገር መገጣጠም ውስጥ ነው።

አውጫጭኝም አለ፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ወንጀል ሲፈጸምና አድራጊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ይያዛል። ሰው ስሙ ሳይገለጥ የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል፤ ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል። በአውጫጭኝ ውስጥ ጥሩም መጥፎም አለ። ጥሩው፣ ጥቂት ጥቂት የሚያውቁ ብዙ ሰዎችን ማድመጡ ነው። መጥፎው፣ ሥራውን ጥሎ ቀናትን በሜዳ ላይ የሚያሳልፍ፣ ካሣም በጋራ የሚጫንበት ሕዝብ ጉዳዩ እንዲዘጋለት ብቻ አንድ ስም መስጠት ሊጀምር መቻሉ ነው። መገላገልን የሚፈልግ ሰው እውነትን አይፈልግም። ይህ ለመንደርም፣ ለእስረኛም፣ ለመርማሪም ይሠራል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስን። ፊት አንብቦ «ይኼ ሰው ሌባ ነው» ብሎ በልቡ የፈረደ መርማሪ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። የቀረው ሥራ ማሳመን ነው። «የት ነበርህ?» ማለቱን ትቶ «ለምን እንዳደረግኸው ንገረኝ» ይላል። ተጠርጣሪው ሲክድ ክህደቱ ሌላ ማስረጃ ይሆንበታል። ሲያለቅስ ጸጸት ይመስለዋል፤ ዝም ሲል እልኸኝነት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አገራችን በደንብ ታውቀዋለች፤ በማዕከላዊ ምርመራ ክፍሎች ውስጥ ስንቱ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ፈርሞ ወጥቷል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። ግድግዳውን የሠራው ግን ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠይቁ የማወቅ እርግጠኝነትም አብሮ አለበት።

ያለ ዱላም ይሆናል። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነብራስካ ዳረል ፓርከር የተባለ ወጣት ሚስቱን ቤት ውስጥ ተገድላ አገኛት። የመረመረው ጆን ሪድ ነበር፤ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የታወቀው ሥልጠና በስሙ የሚጠራው ራሱ ሰውዬው። ከብዙ ሰዓት ምርመራ በኋላ ፓርከር ገደልሁ ብሎ አመነ። በማግሥቱ ካደ፤ የሰማው ግን አልነበረም። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ እውነተኛው ገዳይ ለጠበቆቹ መናዘዙ ታወቀ። የነብራስካ መንግሥት ፓርከርን ይቅርታ የጠየቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እርሱም በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነበር። የሥልጠናው አባት በራሱ እጅ የያዘው ጉዳይ እንዲህ ከሆነ ደቀ መዛሙርቱ ዘንድ ስንት ይኖር?

ሕጋችን ይህን በሚገባ አስቦበታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪ ለመመለስ እንደማይገደድ፣ የሚሰጠውም ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረው ይላል። አንቀጽ 31 ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል፤ ሰው በ«እመን እንጂ ትፈታለህ»ም ያላደረገውን ያምናልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተገቢ ባልሆነ መንገድ ቃል የሚቀበለውን ሹም ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል። እነዚህን አንቀጾች በቃሉ የማይወጣ መርማሪ አይኖርም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የሚጎድለው «አታድርግ» የሚለው አይደለም፤ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ለሚለው የሚሰጥ መልስ ነው። ዱላውን የነጠቅነው መርማሪ እጁ ባዶ ሆኖ መቅረት የለበትም።

እንግሊዞች ይህን መልስ የፈለጉት በሐፍረት ተገደው ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በጊልድፎርድና በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ፈንጂ ፈንድቶ ሰው አለቀ። አራት ሰዎች በአንዱ፣ ስድስት ሰዎች በሌላው ታሰሩ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ አምነው ፈርመዋል። አራቱ በ1989፣ ስድስቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ንጹሕ ሆነው ወጡ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ፖሊስ ምርመራን ከማሳመን ወደ መረጃ መሰብሰብ ለወጠው። ምርመራ በድምፅ ይቀዳል፤ መርማሪው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሰውየው ሳይቋረጥ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄ የሚመጣው። ኖርዌይም በራሷ ፖሊስ ስሕተት ተነሥታ ይህንኑ መንገድ ተከተለች። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሠቃየት ልዩ ዘጋቢ ሁዋን ሜንዴዝ ስማቸው የተሰጠው የምርመራ መርሆች ወጡ፤ ሐሳባቸው ያው ነው።

በእኔ እይታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የስዊድኑ ሙከራ ነው። ማሪያ ሃርትቪግና ፓር አንደርሽ ግራንሃግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. 82 የፖሊስ ሠልጣኞችን ወሰዱ። «ተጠርጣሪ» የሆኑት ሰዎች ግማሾቹ ለሙከራው ሲባል ከአንድ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የገንዘብ ቦርሳ ሰርቀዋል። ግማሾቹ ግን ሌላ ነገር ሲፈልጉ የእጅ ቦርሳውን ነክተው አልፈዋል። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ማስረጃ አለ፤ ቦርሳውን መንካታቸው። ግማሾቹ ሠልጣኞች የተማሩት ነገር ቀላል ነው፦ ማስረጃህን መጀመሪያ አትግለጥ። ሰውየው ነገሩን በራሱ ቃል ይንገርህ። ከዚያ ስለ ማስረጃው የሚነኩ ጥያቄዎችን ማስረጃው እንዳለህ ሳታሳውቅ ጠይቅ። መጨረሻ ላይ ብቻ አውጣው። ንጹሑ ሰው የሚደብቀው ስለሌለው «አዎ፣ ቦርሳውን ነክቻለሁ» ይላል። ሌባው ግን ይርቃል፤ «በዚያ በኩል አላለፍሁም» ይላል። ሲገለጥ ቃሉ ከማስረጃው ጋር ይጋጫል። ያልሠለጠኑት ከመቶ 56 ያህሉን ለዩ፤ ከሳንቲም ብዙም ያልራቀ። የሠለጠኑት ከመቶ 85 ደረሱ። ማንም ዓይን አላየም፤ የማንም ላብ አልተቆጠረም።

እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ተጠየቅ ነው። በረቱን ማጥበብ፣ በሩን መዝጋት፣ ከዚያ ምስክሩን መጥራት።

ሌሎችም ዘዴዎች አሉ። የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲው አልደርት ቭራይና ባልደረቦቹ ሰው ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲናገር ያደርጋሉ፤ ያየ ሰው ይቸገራል ግን ይወጣዋል፤ የፈጠረ ሰው የበለጠ ይቸገራል። ሊጣራ የሚችል ዝርዝርን መቁጠርም አንዱ ነው፤ ዋሾ ለመታመን ዝርዝር መስጠት ይፈልጋል፣ ነገር ግን ሄደህ ልታጣራው የምትችለውን ይሸሻል። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚለው ተረታችን ግን ለመርማሪ ግማሽ እውነት ነው። ተዘጋጅቶ የመጣ ዋሾ ቃሉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል፤ ሦስት ጊዜ ብትጠይቀው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ይነግርሃል። እውነተኛው ነው አንዱን ረስቶ ሌላውን የሚጨምረው፤ ማስታወስ ማለት እንደዚያ ነውና። በትንሽ ልዩነት ብቻ «ቃሉን ቀያየረ» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ንጹሑን መጉዳት ነው።

በዚህ ላይ ማንም ባዕድ መማሪያ የማይነግረን የራሳችን ጣጣ አለ። የእነብሴ ገበሬ «መቼ?» ሲባል «ከብት ሲገባ» ይላል፤ ወይም «ቅዳሴ ሲወጣ»። መርማሪው ይህን ሰምቶ መዝገቡ ላይ «ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። በሌላ ቀን ሰውየው «ጀምበር ልትጠልቅ ስትል» ይላል፤ ይህም «11፡30» ሆኖ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ላይ ጠበቃው ተነሥቶ «ምስክሩ ሁለት የተለያየ ሰዓት ተናግሯል» ይላል። ሰውየው አንድም ሰዓት አልተናገረም። ሰዓቱ የመርማሪው ነው። የቃል አቀባበላችን ትልቁ ደዌ ይህ ነው፤ ተጠርጣሪ ወይም ምስክር በራሱ ቋንቋ የተናገረው በመርማሪው የመሥሪያ ቤት አማርኛ ተለብጦ ይጻፍና «ተነቦልኝ አምኜበት ፈረምሁ» ይባላል። ፊደል ያልቆጠረው ጣቱን ቀለም ይነክራል። የተናጋሪው ድምፅ ጠፍቶ የጸሐፊው ብቻ ከቀረ ውሸትን ከእውነት በምን እንለያለን? ሰንዳፋ ባለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በክልል ማሠልጠኛዎች ስለ ውሸት ከሚሰጥ ትምህርት ሁሉ በፊት ቃልን እንደተነገረ የመጻፍ ትምህርት ቢቀድም ደስ ይለኛል። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የድምፅ መቅጃ ቢቀመጥ ደግሞ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ሌላም አለ፦ «አሉ»። ሰው ሲናገር «ሌሊት ሁለት ሰው በሬ ሲነዳ ታይቷል» ይላል። ማን አየ? አማርኛ አድራጊውን ደብቆ መናገር ይችላል። ጥሩ መርማሪ እዚህ ላይ ይቆማል፤ «አንተ አየህ? ወይስ ሰው ነገረህ? ማን ነገረህ?» ይህን ሲጠይቅ ውሸትን እያደነ አይደለም፤ የዕውቀትን ምንጭ እያጠራ ነው። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ይህን ሥራ ያውቀዋል። በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠው ተማሪ መምህሩ የዘረፉትን ሰሙንና ወርቁን ሲለይ የመምህሩን ግንባር አያይም፤ ቃሉን ነው የሚያገላብጠው።

አነጋገርም ጉዳይ ነው። ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ የጀመረ መርማሪ ዝምታን ይዞ ይወጣል። «አባቴ፣ ይቀመጡ፤ ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ» ያለው ብዙ ይሰማል። አክብሮት ሰውን ማባበያ መሆን የለበትም፤ ግን ያልተከበረ ሰው ትዝታውን አያወጣም። አጥፊም ቢሆን የተከበረ ሰው ብዙ ያወራል፤ ያወራ ሰው ደግሞ ሊጣራ የሚችል ነገር ይተዋል።

እንግዲህ ወደዚያች ጠባብ ክፍል እንመለስ። መርማሪው ነጋዴውን ከልጁ ለይቶ አስቀምጦታል። ኪሱ ውስጥ ከሞጣ ገበያ የተገኘ፣ በሬው በጠፋ ማግሥት የተቆረጠ የቀረጥ ደረሰኝ አለ፤ የነጋዴው ስም ተጽፎበታል። አያወጣውም። «ጋሼ፣ የዚያን ዕለትና የማግሥቱን ውሎዎን ይንገሩኝ» ብሎ እስክሪብቶውን ያነሣል። ነጋዴው ስለ ቢቸና አሳምሮ ያወራል፤ ብርዱን፣ ሻዩን፣ መናኸሪያውን። «ማን ጋ አደሩ?» «ሆቴል።» «የትኛው?» «ስሙን ልብ አላልሁም።» «በመንገድ ላይ ሞጣን ነክተው ነበር?» «ሞጣን ከፋሲካ ወዲህ ረግጫት አላውቅም።» መርማሪው ይህን እንደተነገረው ይጽፈዋል፤ ያነብለታል፤ ነጋዴው ይፈርማል። ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው አሁን ነው። ያም ሆኖ ፍርድ አይደለም፤ ስሙን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል፣ ሊያስረዳ ይገባዋል። ቀጣዩ ጥያቄ ግን አሁን መሬት ላይ የቆመ ጥያቄ ነው።

ልጁ ደግሞ አለ። መርማሪው ወንበር ስቦ አስቀምጦት፣ ውኃ አምጥቶለት፣ «በል ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» ይለዋል። ብዙ ዝም ይላል። መርማሪውም ዝም ይላል፤ ዝምታን መቻል የሥልጠናው ክፍል ነው። በመጨረሻ ልጁ መሬቱን እያየ ይናገራል። ከብቱን መስክ ላይ ትቶ ለእናቱ እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዶ ነበር። መብራት ጠፋ። ሲጠብቅ መሸ። ተራውን የያዘችለት የአጎቱ ልጅ ናት። ባለ ወፍጮው የእያንዳንዱን ሰው ኪሎ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሲመለስ በሬው አልነበረም። ያንቀጠቀጠው ይኸው ነው፤ አደራ በልቷል፣ ግን አልሰረቀም።

መርማሪው የልጁን ፊት አይመረምርም። ባለ ወፍጮው አዲስ ደብተር ሳይጀምር፣ ዛሬውኑ፣ አንድ ኮንስታብል ወደ ወፍጮ ቤቱ ይልካል።